ስለ ቀለበት ልክ

በቤተ ሰብ ውስጥ ከሚገኙት ጕዳዮች ብዙዎቹ ትንንሾች ናቸው፤ ትንንሾችም ስለ ሆኑ ሰው ሁሉ ይንቃቸዋል፤ በተናቁም ጊዜ ያድጋሉ። ስለዚህ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው መከሩን። ዛሬ ለተከበሩት አንባቢዎቻችን የምናቀርበውም እንዲህ ያለ ትንሽ ጕዳይ ነው፤ ይኸውም የቀለበት ልክ ነው። በጣት ላይ የምትቀመጥ አንዲት የወርቅ ክብ ምን ያህል ነገር ልታመጣ ትችላለች ብሎ የሚስቅ አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ራሳችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከሚስቁት ወገን ነበርንና።

ቀለበት በቅዱሳት መጻሕፍት ክብር ያለው ነገር ነው። ፈርዖን ዮሴፍን በግብፅ ምድር ላይ በሾመው ጊዜ ቀለበቱን ከእጁ አውልቆ በዮሴፍ እጅ እንዳደረገለት በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። ንጉሡ አርጤክስስም ለሐማ ሰጥቶት የነበረውን ቀለበት ወስዶ ለመርዶክዮስ መስጠቱ በመጽሐፈ አስቴር ይነበባል። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ በተመለሰ ጊዜ ከልብሱና ከጫማው ጋራ ቀለበት ተደርጎለታል። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ይህን ሁሉ አንብበናል፤ ነገር ግን ቀለበቱ ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው እጅ ያለ ችግር መግባቱን ልብ አላልንም ነበር። የፈርዖን ቀለበት በጣቱ አንጓ ላይ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ፥ የዮሴፍ ሹመት ሳሙናና ቀዝቃዛ ውሃ እስኪመጣ ድረስ በቈየ ነበር።

እኛ ከባለቤታችን ጋራ ጋብቻ ከፈጸምን ዛሬ 19 ዓመት ሆኖናል። ቀለበቱ በታዘዘ ጊዜ የባለቤታችን አክስት የሆኑ አንዲት ትልቅ ሴት በታኅሣሥ ወር ማለዳ ቀይ የሐር ክር ይዘው ወደ ሙሽራይቱ ዘንድ ገቡ፤ ክሩንም በቀለበት ጣታቸው ሥር ጠምጥመው ጫፍና ጫፉ የተገናኘበትን ስፍራ በጥርሳቸው ቈረጡት። አንጥረኛውም በዚያ ክር ልክ ሠራ። በዚህ አሠራር ሁለት ስሕተት እንደ ነበረበት ያን ጊዜ ያወቀ ሰው አልነበረም። አንደኛው፥ ልኩ የተወሰደው ጣት በብርድ በሚኰማተርበት በታኅሣሥ ማለዳ መሆኑ ነው። ሁለተኛውም፥ ክሩ የተጠመጠመው ቀለበቱ በሚቀመጥበት በጣቱ ሥር ብቻ ነው እንጂ፥ ቀለበቱ የግድ በሚያልፍበት በአንጓው ላይ አለመሆኑ ነው። ወደ ቤት የሚገባ ዕቃ በእልፍኙ ስፋት ብቻ ሳይሆን በበሩም ስፋት ይለካል፤ የቀለበትም በሩ አንጓው ነው።

የሠርጉ ቀን በጥር ወር ነበረ። ቤተ ክርስቲያኑ በሰው ተሞልቶ ሙቀቱ በርትቶ ነበርና፥ ቀለበት በሚደረግበት ሰዓት የባለቤታችን ቀለበት ከአንጓቸው ላይ ሲደርስ ቆመ። ካህኑም ዲያቆኑም ዝም ብለው ጠበቁ። ጥቂት ገፋ በተደረገም ጊዜ ዐለፈ፤ ባለቤታችን ዓይናቸውን ከመጨፈናቸው በቀር ምንም አልተናገሩም። ክሩን የለኩት አክስት ግን ከኋላ ሆነው «በጭንቅ የገባ በቀላሉ አይወጣምና፥ ልጆቼ፥ ምልክቱ መልካም ነው» አሉ። የሰማው ሁሉ ደስ አለው፤ ከሁሉ ይልቅ እኛን ደስ አለን።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ፥ አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስንመለስ ቤቱ ሁሉ ተገለባብጦ አገኘነው። ባለቤታችን ሊጥ ለማቡካት ሲሉ ቀለበታቸውን በሳሙና አውልቀው ያስቀመጡበት ስፍራ ጠፍቶባቸው ነበር። ቀለበቱ ከመታጠቢያው ሳሕን ሥር ተገኘ። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ የተከራካሪዎችን ቃል ስንጽፍ ውለን ደክሞን ስለ ነበረ «ቃል ኪዳን ከእጣቢ ጋራ የሚደፋ ነገር ነውን?» ብለን ተናገርን። እርሳቸውም አንዳች ሳይመልሱ ቀለበቱን በግድ ወደ ጣታቸው መለሱት። ከዚያች ማታ ጀምሮ 17 ዓመት ሙሉ ቀለበቱ ከጣታቸው አልወጣም። እኛም ይህን የታማኝነት ምልክት አድርገን ቈጥረን በወዳጆቻችን ፊት እንመካበት ነበር።

በዚህ ሁሉ ዘመን ግን የባለቤታችን እጅ እንደ ነበረ አልቈየም። ሦስት ልጆች ወለዱ፤ በእርግዝናቸውም ወራት እጅና እግራቸው ያብጥ ነበር። ከዚያም በኋላ የጣቶቻቸው አንጓዎች ከዓመት ወደ ዓመት እየወፈሩ እንደ ሸንበቆ አንጓ ወደ ውጭ ወጡ። እንደ ታኅሣሡ ማለዳ ሆኖ የቀረው ቀለበቱ ብቻ ነበረ። እኛ በየቀኑ ከዚያ እጅ ቡና እየተቀበልን ስንጠጣ እጁን አላየነውም፤ ልብ ካላየ ዓይን አያይምና።

ነገሩ የተገለጠው በዘመን መለወጫ በዓል ዕለት ነው። እንግዶች ተቀምጠው ሳሉ የመጨረሻይቱ ልጃችን «እማማ ሌሊት ሌሊት ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ትቀመጣለች» ብላ በልጅነት አፍ ተናገረች። ባለቤታችን ሣቅ ብለው እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እጃቸውን ወደ መብራት አቅርበን ተመለከትን። ቀለበቱ በሥጋው ውስጥ ሰጥሟል፤ ከላይና ከታች ያለው ቆዳ ቀልቶ ተነሥቷል። ስለ ምን እስከ ዛሬ እንዳልነገሩን በጠየቅናቸው ጊዜ «አንድ ቀን ባወልቀው ምን እንደ ተባልሁ እርስዎ ረስተውታል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም» አሉን።

እኛ በሥራችን የብዙ ሰው ክስና መልስ ጽፈናል፤ እንደዚህ ያጠረ ክስ ግን ጽፈን አናውቅም፤ የምንሰጠውም መልስ አልነበረንም። ነገሩን ይልቁንም የሚያከብደው የእኛው ቀለበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰፊ መሆኑ ነው። ስንታጠብ እናወልቀዋለን፤ ስንጽፍ ሲከብደን በጠረጴዛ ላይ እናኖረዋለን፤ ሁለት ጊዜም በመዝገብ ቤት ረስተነው አድሮ በማግሥቱ አግኝተነዋል። በዚህ ሁሉ ባለቤታችን አንድ ቃል እንኳ ተናግረውን አያውቁም። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሕግ ቆሞ እንደ ኖረ ያወቅነው ያን ማታ ነው።

ቀለበቱን በዚያው ሰዓት ለማውጣት ተነሣን። እንደ ማንኛውም የደነገጠ ሰው መጀመሪያ ያደረግነው መሳብ ነው። ይህ ከሁሉ የከፋው ስሕተት መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። ቀለበት ሲሳብ ከፊቱ ያለውን ቆዳ እየሰበሰበ በአንጓው ላይ ይከምረዋል፤ አንጓውም ይቈጣና ከነበረው ይልቅ ያብጣል። ሳሙናም ቅቤም ብንቀባው እጃችን አዳለጠን እንጂ ቀለበቱ አልተነቃነቀም። በቤት የነበሩት የባለቤታችን ወንድም ሞረድና ፒንሳ ይዘው መጡ። የብረቱን ስለት በሥጋውና በወርቁ መካከል ባየነው ጊዜ ግን ፈራን፤ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ትዝ አለንና ሁሉን ትተን ተቀመጥን።

ተቀምጠንም ሳለን አንድ የቈየ ነገር ታወሰን። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር፥ አንዲት የክፍላችን ልጅ ከመንገድ ያገኘችውን የነሐስ ቀለበት በጣቷ አድርጋ ማውጣት ተሳናት። በሚሲዮኑ ሐኪም ቤት የነበረች አንዲት የውጭ አገር አስታማሚ አንድ ክር ብቻ ይዛ አወጣችላት። አስታማሚዋ የምታውቀው አማርኛ ጥቂት ስለ ነበረ «ቀስ፥ ቀስ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። እኛም በዙሪያዋ ቆመን እንደ ትንግርት እናያት ነበር። ያየነውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሰን በባለቤታችን ጣት ላይ አደረግነው። ለሌላውም ቤት ይጠቅም ዘንድ ሥርዐቱን ከዚህ በታች እንጽፈዋለን።

በመጀመሪያ ሕመምተኛይቱ ጋደም ብለው እጃቸውን በትራስ ላይ ከልባቸው በላይ ከፍ አድርገው 10 ደቂቃ ያህል ያሳርፋሉ፤ በጣቱም ላይ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይደረጋል። ይህም በጣቱ ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ወደ ኋላ እንዲመለስ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ በቂ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሳሙና ወይም ቅቤ ተቀብቶ፥ አንድ ሰው የጣቱን ቆዳ ወደ መዳፉ ወገን ሲይዝ ሌላው ቀለበቱን ሳይስብ ግራና ቀኝ እያዞረ ቢገፋው ይወጣል። ይህ እንቢ ባለ ጊዜ ግን ወደ ክሩ መሄድ ነው።

ክሩ የለሰለሰና የጠነከረ፥ ርዝመቱም አንድ ሜትር ያህል ይሁን፤ የሐር ክር ወይም የጥርስ ማጽጃ ክር መልካም ነው። የክሩን አንድ ጫፍ በመርፌ ዱልዱም ወገን ቀስ አድርጎ በቀለበቱ ሥር በማሳለፍ ወደ መዳፉ በኩል ማውጣት ነው። የቀረውን ረጅሙን ክር ከቀለበቱ ከንፈር ጀምሮ ወደ ጣቱ ጫፍ በኩል፥ አንዱን ዙር ካንዱ ዙር ሳያራርቁ፥ አንጓው እስኪሸፈን ድረስ ጠበቅ አድርጎ መጠምጠም ያስፈልጋል። እንዲህ ሲደረግ ያበጠው ሥጋ ታፍኖ ይቀጥናል። ከዚያ በመዳፉ ወገን የቀረውን አጭሩን ጫፍ ይዞ ወደ ጣቱ ጫፍ አቅጣጫ እያዞሩ መተርተር ነው፤ ክሩ ዙር በዙር ሲፈታ ቀለበቱም በክሩ ላይ እየተራመደ ይወጣል። ክር የታሰረበት ጣት ደም በደንብ ስለማያገኝ ሥራው ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቈየት የለበትም፤ ባይሆን ፈትቶ ጣቱን ማሳረፍ ይገባል።

እኛ በመጀመሪያው ጊዜ አልሆነልንም፤ ክሩን አራርቀን ጠምጥመነው ነበርና ሥጋው በየመካከሉ ወጣ። ፈትተን፥ እጃቸውን አሳርፈን፥ ሁለተኛ ጠመጠምን። ባለቤታችን የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ዝም አሉ። ቀለበቱ በአንጓው ላይ ሲደርስ እንደ ሠርጋችን ቀን ቆመ፤ ጥቂት ቈይቶም ዐለፈ። በሥሩ የነበረው ቆዳ ፀሐይ ሳያየው ኖሮ እንደ ብራና ነጭ ሆኗል፤ ቦይም ሠርቶ ነበር። ባለቤታችን ጣታቸውን አጠፉት፥ ዘረጉት፥ እንደ ገና አጠፉት። ከዚያ በኋላ «ቀለበቱን የት ላኑረው?» ብለው ጠየቁን። የገዛ ዕቃቸውን የት እንደሚያኖሩ ፈቃድ መጠየቃቸው ከቍስሉ ይልቅ አሳዘነን። እርሳቸው በወደዱት ስፍራ እንዲሆን ነገርናቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት አደሩ።

በማግሥቱ ወደ ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ እንደ ገለጡልን የጣት ውፍረት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሙቀት፥ ጨው በመብዛቱ፥ በእርግዝናና በመሳሰለው የሚመጣ የፈሳሽ እብጠት ነው፤ ይህ ይመጣል፥ ይሄዳል። ሁለተኛው ግን በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን በዕድሜ ብዛት ሲያልቅ፥ በመገጣጠሚያው ዳርና ዳር አጥንት እየጨመረ የሚወጣው ጕጥ ነው። ከጣት ጫፍ አጠገብ ባለው አንጓ ላይ ሲወጣ በእንግሊዛዊው ሐኪም በዊልያም ሄበርደን (እ.ኤ.አ. 1710–1801) ስም፥ ቀለበት በሚያልፍበት በመካከለኛው አንጓ ላይ ሲወጣ ደግሞ በፈረንሳዊው ሐኪም በሻርል ቡሻር ስም ይጠራል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ በዘርም ይወርዳል። አጥንት ስለ ሆነ በቀዝቃዛ ውሃ አይጎድልም። እንግዲህ እንዲህ ባለው አንጓ ላይ ጠባብ ቀለበት አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ በግድ መመለስ ሞኝነት ነው።

በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ አውሉስ ጌልዩስ፥ ከቀለበት ጣት ተነሥቶ ወደ ልብ የሚሄድ አንድ ቀጭን ጅማት አለ ሲባል መስማቱን ጽፎ ነበር፤ ብዙ ሕዝብም ጋብቻን በዚያ ጣት ማሰሩን በዚህ ምክንያት ሲያስረዳ ኖሯል። የአካል ሐኪሞች መርምረው እንዲህ ያለ ልዩ ጅማት በዚያ ጣት ብቻ እንደሌለ ዐውቀዋል። እኛ ግን የጣት ሕመም ወደ ልብ የሚደርስበት ሌላ መንገድ መኖሩን በቤታችን አይተናል።

ሐኪሙ ያስጠነቀቁንን ነገር ሳንጽፍ ብናልፍ በደል ይሆንብናል። ጣቱ ጠቍሮ ወይም ነጥቶ፥ ቀዝቅዞ ወይም ደንዝዞ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ወይም አጥንቱ ተሰብሮ፥ ቆዳው ተተርትሮ እንደ ሆነ በክርም በሳሙናም መታገል አይገባም፤ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ሄዶ ማስቈረጥ ነው። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ምላሱ በቀለበቱ ሥር ገብቶ ሥጋውን ሲከልል ትንሹ መንኰራኵር ከላይ ይቈርጣል። ወርቅና ብር በቶሎ ይቈረጣሉ። ቲታኒየምና የማይዝግ ብረት ግን ጠንካሮች ስለ ሆኑ ብርቱ መሣሪያና ብዙ ጊዜ ይፈልጋሉ። ቱንግስተን ካርባይድ የሚባለው ጭራሽ የሚቈረጥ አይደለም፤ በመጭመቂያ ተይዞ ይሰነጠቃል እንጂ። ስለዚህ ቀለበት የሚገዛ ሰው ከምን እንደ ተሠራ ሳይጠይቅ አይግዛ። ደግሞም እጅ በተቃጠለ፥ በተመታ ወይም ንብ በነደፈው ጊዜ፥ ከመድኃኒቱ በፊት እብጠቱ ሳይቀድም ቀለበትን ሁሉ ማውለቅ ነው። በመኪና መሣሪያ የሚሠራ፥ ከፍ ካለ ቦታ የሚወጣና የሚወርድ ሰውም ቀለበቱን አውልቆ ይሥራ፤ ቀለበት በሚስማር ወይም በመዘውር ሲያዝ የጣትን ሥጋ ከአጥንቱ እስከ መግፈፍ ይደርሳልና።

የባለቤታችን ቍስል ከዳነ በኋላ ቀለበቱን ይዘን ወደ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ሄድን። ሽማግሌው ክር አልፈለጉም፤ በአንድ ማንጠልጠያ የተሰኩ ብዙ የመለኪያ ክቦች አወጡና የጣቱን ሥር ለብቻ፥ አንጓውን ለብቻ ለኩ። ጧት ነበርና እንደ ገና ከቀትር በኋላ ተመልሰን እንድንመጣ ጠየቁን። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «ጌታዬ፥ ጣት እንደ ሰው ጠባይ ነው፤ በአንድ ሰዓት ልኩ አይታወቅም» አሉን። ሁለት ጊዜ ከለኩ በኋላ የሁለቱን መካከል ያዙ። የቀድሞው ቀለበት ውስጣዊ ስፋቱ 16 ሚሊሜትር ነበረ፤ አንጓው ግን 18 ሚሊሜትር ፈለገ። የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት ለዓይን ምንም አይደለም፤ ዙሪያው ሲቈጠር ግን ከ50 ሚሊሜትር ወደ 56 ሚሊሜትር ተኩል መድረሱ ነው።

በአንጓው ልክ የተሠራ ቀለበት በቀጭኑ የጣት ሥር ሲደርስ ይላላል፤ እየዞረም ያስቸግራል። ለዚህም ሽማግሌው መላ አላቸው። ከቀለበቱ ውስጥ በመዳፉ ወገን ሁለት ትንንሽ የወርቅ ጕብታዎች ይበየዳሉ፤ እነርሱም ጣቱን ሳይጎዱ ቀለበቱን እንዳይዞር ይይዙታል። አንጓው እጅግ የወፈረ እንደ ሆነ ደግሞ ቀለበቱ እንደ በር በማጠፊያ እየተከፈተና እየተዘጋ እንዲሠራ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ በአንጓው ላይ ማለፍ አያስፈልገውም። ሰፊ ገጽ ያለው ቀለበት ከቀጭኑ ይልቅ ስለሚያጠብቅ ልኩ ከፍ ማለት እንዳለበት፥ የውስጥ ከንፈሩም በሞረድ ተከርክሞ ክብ ቢሆን ለጣት እንደሚመች ገለጡልን። ቀለበቱ 18 ካራት ነበረ፤ ይኸውም ከመቶው 75 እጅ ወርቅ ማለት ነው፤ የሚጨመረውም ወርቅ ከዚያው ዓይነት እንዲሆን አደረጉ።

ሽማግሌው መጋዛቸውን አንሥተው ቀለበቱን ለመቍረጥ ሲሰናዱ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ልባችን ደነገጠ። በካህን የተባረከ፥ 19 ዓመት በጣት የኖረ ቀለበት ሲቈረጥ ጋብቻውም የሚቈረጥ መሰለን። ፊታችንን አይተው ኖሮ «ጌታዬ፥ እኔ የምቈርጠው ወርቁን ብቻ ነው» አሉ። ባለቤታችንም በአጠገባችን ቆመው «አባቴ፥ ይቍረጡት፤ በእኔ ጣት ላይ ሳለ ያልተበጠሰው ኪዳን በጠረጴዛ ላይ አይበጠስም» ብለው መለሱ። መጋዙ በወርቁ ውስጥ ያለፈው እኛ አንድ ጊዜ እስክንተነፍስ ድረስ ነው። ስድስት ሚሊሜትር ያህል ወርቅ ጨምረው በየዱት፤ ከተወለወለም በኋላ መጋጠሚያውን ፈልገን አጣነው።

በፍርድ ቤት ስንሠራ የጋብቻን ክርክር ብዙ ጊዜ ጽፈናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ጋብቻ መኖሩ የሚረጋገጠው በምስክር ወረቀቱ፥ ያ ባይገኝ ደግሞ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ተያይተው በመኖራቸውና ዘመድና ጎረቤትም እንዲሁ ስለሚያውቃቸው መሆኑን ይናገራል። ቀለበቱ ጠባብ ነው ወይስ ሰፊ ብሎ የሚጠይቅ አንቀጽ የለም። ቀለበታቸው በጣታቸው ላይ እንደ ጠበቀ ለመለያየት የቆሙ ባልና ሚስት አይተናል፤ በእርጅና ቀለበታቸውን በሐብል አድርገው በአንገታቸው ያንጠለጠሉ፥ እርስ በርሳቸው ግን ተደጋግፈው ደረጃውን የሚወጡ ሽማግሌዎችም አይተናል። ይህን ሁሉ በዓይናችን እያየን በቤታችን ግን የወርቁን ጥብቀት የኪዳን ጥብቀት አድርገን ቈጥረን ኖርን።

እንግዲህ አንባቢዎቻችንን የምንለምነው ይህን ያህል ነው። ቀለበት የምታሠሩ፥ ልኩን በአንጓውም በጣቱም ሥር፥ በብርድም በሙቀትም ጊዜ አስለኩ። ቀለበት ያላችሁ፥ በየጊዜው አውልቃችሁ ሞክሩት፤ ዛሬ በችግር የወጣ ነገ ያለ መጋዝ አይወጣምና። ነፍሰ ጡር የሆኑ ሴቶች እብጠት ሳይጀምር ያውልቁት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ነገር ግን በሽታውን የሚያስደብቅ ሰው በቤት ውስጥ እንዳለ ባልም ሚስትም ራሱን ይመርምር። በዚህ ነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚወቀሰው የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ነው።

ባለቤታችን አሁን ቀለበታቸውን ማታ ማታ ራሳቸው እያወለቁ ከራስጌያቸው ባለች ትንሽ ሳሕን ያኖሩታል፤ ጧትም ራሳቸው ያደርጉታል። አንዳንድ ጊዜ ይረሱታል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስንመለስ ቀለበቱን እንደ ቀድሞው ከመታጠቢያው አጠገብ በውሃ ርሶ አገኘነው። አንሥተን በፎጣ አደረቅነውና በሳሕኑ ውስጥ አኖርነው፤ ስለ ነገሩም ምንም አልተናገርንም።